ሦስተኛው ፊርማ

እናቴ ሰነፍ ተማሪ መሆኗን የደረስኩበት በስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው።

ማስረጃ ሞልቶኛል። የሰው እናትና አባት ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፤ የኔ እናት ግን ልክ እንደኔ ቦርሳ ተሸክማ ትመጣና ራት እስኪቀርብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። የጻፈችውን ወስዳ በማግስቱ ስትመልሰው ደግሞ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ማስረዳት አያስፈልግም። የሂሳብ ደብተሬ ላይ ከሰማያዊው ቀዩ ይበዛ ነበር።

ወንበሩም አለ። እናቴ የምትሠራበት ችሎት ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራ መድረክ ላይ ሦስት ወንበር ተደርድሯል። የመሃሉ መደገፊያው ከሰው ራስ በላይ ይደርሳል፤ የቀኙ ደህና ነው፤ የግራው አንድ እግሩ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። እናቴ የምትቀመጠው ካርቶኑ ላይ ነው። ጋዜጣው ፎቶዋን አውጥቶ "የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ" ብሎ የጻፈ ጊዜ አባቴ ቆርጦ ፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈው። እኔ ጋዜጣው መዋሸቱን አውቄ ዝም አልኩ። ከሦስት ሰው ሦስተኛ ወጥቶ አንደኛ ነኝ ማለት ነውር ነው፤ ግን የቤት ገመና ነው።

ዛሬ ሳስበው በእናቴ ሳይሆን አጠገቧ በሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ነው ማፈር የነበረብኝ። መሃል የሚቀመጡት ሰብሳቢ ዳኛ መጻፍ አይወዱም። በቀኝ የሚቀመጡት ደግሞ ምንም አይወዱም። ስለዚህ የሦስት ሰው ፍርድ ሁሉ የሚጻፈው በኛ ቤት፣ ከሰሃኖቹ አጠገብ ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ የሰብሳቢው ነው። እናቴ "ስለሆነም" ብላ የጻፈችውን "ስለዚህ" ይሉታል፤ በሚቀጥለው መዝገብ "ስለዚህ" ስትል "ስለሆነም" ብለው ይመልሱታል። አለቃ መሆናቸውን ሌላ በምን ያሳዩ!

የቀኙን ዳኛ አባቴ "ክቡር ተስማምቻለሁ" ይላቸው ነበር። እንደሱ አባባል ሰባት ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው ከአፋቸው የወጣችው ቃል ያቺ ብቻ ናት፤ እሷንም ግማሹን ጊዜ በእንቅልፍ ልባቸው ነው የሚሏት።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሚስቱ ዳኛ ከሆነች ወዲህ ደንበኞቹ ፋታ አልሰጡትም። "እሺ፣ አምሽተህ ስትገባ ምን ይፈረድብሃል?" ይሉታል። "ሰሃን ማጠብ" ይላል፣ መቀሱን ሳያቆም። "ይግባኝ አለው?" "ኧረ የለውም! ይግባኝ ያልኩ ቀን ድስቱም ይጨመርልኛል።"

የኔን ሙያ ደግሞ ልናገር። አስተማሪያችን የፈተና ወረቀት ስትመልስ "ወላጅ አስፈርማችሁ አምጡ" የምትል ክፉ ሴት ነበረች። ከአሥር ሦስት አምጥቼ እናቴ ፊት ከመቆም ፊርማዋን መልመድ ቀለለኝ። ከላይ እንደ መንጠቆ ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ይሄዳል፣ ከሥር ሁለት ነጥብ። አንድ ሳምንት ተለማመድኩ። በሂሳብ ብሰንፍም በፊርማ የሚያህለኝ አልነበረም፤ የክፍል ጓደኞቼ የእናቶቻቸውን እያመጡ ያሠሩኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሰብሳቢው ዳኛ ጺማቸውን ሊላጩ መጡ። እኔ ጥግ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ የድሮ መጽሔት ሥዕል አያለሁ። አባቴ አገጫቸውን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጩን ሲያነሳ፣ እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ጀመሩ።

"ሚስትህ ጎበዝ ናት። ግን ግትር ናት።"

"ግትርነቷን ለኔ ይተዉልኝ ጌታዬ፤ ጎበዝነቷን እርስዎ ይጠቀሙበት።"

"እየቀለድኩ አይደለም። በዚህ መዝገብ እኔም ጓደኛዬም አንድ ዓይነት መልስ ሰጥተናል። እሷ ብቻዋን ሌላ ጽፋለች። ስድስት ገጽ! ሁለት ሰው ያየውን አንድ ሰው ካላየው፣ ጉድለቱ ማን ጋ ነው?"

ምላጩ ከጆሮ ወደ አገጭ ኮሽ እያለ ወረደ።

"ከኛ ጋር ትፈርም" አሉ ሰብሳቢው። "ስድስቱን ገጽ ትቅደደው። የሁለተኛው ችሎት ሰብሳቢ ወንበር በሚቀጥለው ወር ይለቀቃል፤ ስሟን የማቀርበው እኔ ነኝ። ካልፈረመች ግን መሄዷ ነው። ጠረፍ ላይ ዳኛ ያጣ ፍርድ ቤት አለ። ሙቀቱ፣ ወባው... አንተም ሱቅህን ዘግተህ መከተልህ ነው። ለልጅቷም እዚያ ትምህርት ቤት የለም። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማህም?"

ይህን ሁሉ የሚሉት በሰው ምላጭ ሥር አንገታቸውን ዘርግተው ነው። የአባቴ ትዕግሥት እስከዛሬ ይደንቀኛል።

ሰውዬው ለምን ይህን ያህል እንደጨነቃቸው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሦስት አንዱ ዳኛ ለብቻው ሐሳቡን ጽፎ ያልተስማማበት ፍርድ ይግባኝ ይጋብዛል፤ የበላይ ፍርድ ቤት አንስቶ ያገላብጠዋል። በዚያ ላይ ከከሳሾቹ አንዱ የካርታ ጨዋታ ጓደኛቸው ነበር። እኔ ያኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት መልስ ካመጣ ሦስተኛው ተሳስቷል፤ በኛ ክፍል ይህ ሕግ ነው። እናቴ ተሳስታለች፤ መልሷን ካላስተካከለች ትባረራለች።

ቤት ስንገባ አባቴ ሁሉንም ነገራት። ሰሃን እያጠቡ ነበር፤ እኔ በሩ አጠገብ ጆሮዬን ጣል አድርጌያለሁ።

"አንተ ምን አልካቸው?" አለች።

"ጺምዎ አልቋል፣ ይነሱ አልኳቸው።"

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "የምሬን ነው። ምን ትላለህ?"

"እኔማ ፀጉር የማይበቅልበት አገር የለም ነው የምለው" አላት አባቴ። "መቀሴን ይዤ እከተልሻለሁ። አንቺ ብቻ ልብሽ ያለሽን አድርጊ።"

ያችኑ የታጠበች ሰሃን ደግማ አጠበቻት፣ ከዚያ "ደክሞኛል" ብላ ገባች። እናቴ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ነኝ የማድናት ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

ፍርዱ የሚነበብበት ቀን ጠዋት መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ ፊቷን ትታጠባለች፣ አባቴ ሻይ ያፈላል። ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ፊርማ አለ። ከነሱ ቀጥሎ የእናቴ ስም በታይፕ ተጽፎ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። ከኋላው በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ፣ በራሷ እጅ የተጻፈ ስድስት ወረቀት። የተሳሳተው መልስ እሱ ነው! መርፌ ቁልፉን ነቅዬ ስድስቱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በራሷ እስክሪብቶ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በሕይወቴ አሳምሬ የፈረምኩትን ፊርማ ፈረምኩ። ከሥር ሁለት ነጥብ።

እናቴ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። መዝገቡን ሳትገልጥ በክሩ አሰረችው። ወዲያው የችሎቱ ተላላኪ፣ እኔ "አባባ" የምላቸው ሽማግሌ፣ እንደወትሯቸው በብስክሌት መጥተው በሩን አንኳኩ። እናቴ መዝገቡን ስትሰጣቸው ቶሎ አልለቀቀችውም፤ እሳቸው ሲስቡ እሷም ትንሽ ያዝ አድርጋው ነበር። በኋላ ለቀቀችው።

ስድስቱን ወረቀት ምን አደረግሽው ለምትሉ፦ ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ጓሮ ያለው ቦይ ሞልቷል። በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ስድስት ጀልባ ሠርተን ለቀቅናቸው። የኔ ሁለተኛ ወጣ።

የዚያን ቀን ግማሽ ቀን ነበር የምንማረው። ግማሽ ቀን ሲሆን ፍርድ ቤት ሄጄ ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ አባባ አጠገብ ተቀምጬ እናቴን እጠብቃለሁ። ስገባ ሦስቱም ዳኞች ቦታቸውን ይዘዋል። ፊት ለፊት ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው? እትዬ ዳቦን! ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገዳችን ላይ ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ የሚጋግሩት ሴትዮ ናቸው፤ የተሰበረ ዳቦ አይሸጡም፣ ለኛ ይሰጡናል። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ክርናቸው ላይ ግን ሊጥ ደርቆ ቀርቷል። እጄን አውለበለብኩላቸው። አላዩኝም።

"እትዬ ዳቦ ምን አጠፉ?" አልኳቸው አባባን።

"ምንም። ባላቸው ሞተ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"የሟች ወንድሞች፣ እነዚያ የምታዪያቸው ሁለቱ፣ ሚስቱ አልነበረችም ብለው ከሰዋቸው ነዋ። የጋብቻ ወረቀት የላቸውም። ተቀጥራ የምትጋግር ሠራተኛ ናት፣ ቤቱንም ዳቦ ቤቱንም ለቃ ትውጣ ነው የሚሉት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ!" አባባ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። "ዝም በይ አሁን፤ ሊነበብ ነው።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው በሩጫ አነበቡት። ብዙው አልገባኝም። "...ተከሳሽ የሟች ተቀጣሪ እንጂ ሚስት መሆኗን ስላላስረዳች፣ መኖሪያ ቤቱንና ዳቦ ቤቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቃ እንድትወጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።"

"በሙሉ ድምፅ" ሲሉ እናቴ ዞራ አየቻቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው የመጨረሻውን ገጽ ገፋ አደረጉላት። ወሰደችው። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ከኋላ ኩራቴ ሌላ ነው፤ እሰይ እናቴ አለፈች እያልኩ እግሬን አወዛውዛለሁ።

እትዬ ዳቦ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ነገሩ ያልገባቸው ሰው ይመስል ቀስ ብለው ተነሱና፣ "ሊጥ አቡክቼ ነው የመጣሁት" አሉ። "ማን ይጋግረዋል?"

እግሬን ማወዛወዝ ተውኩ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች እናቴ። "ይህ ፊርማ የኔ አይደለም።"

"ምን ማለትሽ ነው? ስምሽ ላይ አይደለም እንዴ የተፈረመው?"

"ስሙ የኔ ነው። ፊርማው የልጄ ነው።"

ጉድ ፈላ! ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አወራ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደቡ።

"በምን አወቅሽ?"

"ነጥቦቹ ላይ ወረቀቱን በስታዋለች። የሂሳብ ፈተናዋ ላይም እንደዚሁ ነው የምትፈርምልኝ።"

ለካ ታውቅ ኖሯል! መሬት ብትከፈት ዘልዬ እገባ ነበር። አባባ ኮት ሥር ለመግባት ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን በሳቅ እየተንቀጠቀጡ ስለነበር መሸሸጊያ ሊሆኑኝ አልቻሉም።

"የፍርድ ቤት መዝገብ ልጅ እጅ ምን ሊሠራ ገባ?" አሉ ሰብሳቢው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ።

"እቤቴ ስለምጽፈው ነዋ። የዚህን ችሎት ፍርድ ሁሉ እቤቴ ወስጄ የምጽፈው እኔ ነኝ። መዝገቡን አስረው የሚልኩልኝ እርስዎ ነዎት።" ከዚያ በአዳራሹ ላይ አሻግራ አየችኝ። "ነይ ወዲህ።"

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። መድረኩ ሥር ስቆም ካርቶኑ ታየኝ።

"መዝገቡ ውስጥ ስድስት ወረቀት ነበር። የት አለ?"

"ጀልባ ሆነ" አልኩ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እናቴ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ተነስታ ቆመች።

"እንግዲያው ጀልባ የሆነውን በቃሌ እናገራለሁ፤ ይመዝገብልኝ። ይህች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ከሟቹ ጋር አንድ ምድጃ ፊት ቆማለች። ሲታመም አስታማዋለች፤ ስትታመም አስታሟታል። ከሳሾች ሠራተኛ ናት ይላሉ። እሺ፣ ደመወዟን የከፈላት ማነው? አንድ ምስክር፣ አንድ ብጣሽ ወረቀት አላመጡም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ጠዋት ማታ የሚሠራ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሷም ሚስት ናት።"

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ "ወይ እውነት!" ብላ ጭኗን መታች። ጫጫታው የቀኙን ዳኛ ቀሰቀሳቸው። ቀና አሉ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እናቴ መናገር መጨረሷን አዩ።

"ተስማምቻለሁ" አሉ።

ሰብሳቢው "ችሎቱ ተነስቷል!" ብለው ወጡ፤ መነጽራቸውን እንኳ ረስተውት ነበር።

ወር ሳይሞላ ዕቃችንን መጫን ጀመርን። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እናቴ ስታስኮርጅ የተያዘች ልጅ እናት ሆና ተባራለች፣ ጥፋቱም የኔ ነው። አባቴ መስታወቱን በብርድ ልብስ ሲጠቀልል እየተከተልኩት አለቅሳለሁ። እሱ "አታልቅሺ፣ እዚያ ያለው ሰው ፀጉሩ ተንጨብሯል አሉ፤ ሀብታም ልንሆን ነው" ይለኛል። የዝውውሯ ደብዳቤ ዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው። "መዝገብን በጥንቃቄ ባለመያዝ" ይላል። አራት ዓመት ጠረፍ ተቀመጥን። ወባውም እንደተባለው ነበር።

የእትዬ ዳቦ ነገር ይግባኝ ተባለበት። የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፣ ሌላ ችሎት አየውና ረቱ፤ ዳቦ ቤታቸው ቀረላቸው። የተሻረው ግን በእናቴ ክርክር አልነበረም። የይግባኙ ውሳኔ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ከሦስቱ ፊርማ አንዱ የሕፃን ስለሆነ ፍርዱ ፍርድ አይደለም ይላል፤ አለቀ። እናቴ ይህን ስታስብ ዓመታት ሙሉ ትበግን ነበር። "ስንት ሕግ አገላብጬ የጻፍኩት ጀልባ ሆነ፤ ፍርድ የሻረችው ሂሳብ የወደቀች ልጅ!"

ከዚያ በኋላ ተመለሰች፣ ሰብሳቢም ሆነች፣ የሰብሳቢዎች አለቃም ሆነች። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስትወጣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሸኟት። አንዱ ተነስቶ "ወንበር ቀርቦላት ያልተደለለች" አለ። ሌላው "ጠረፍ ያላስፈራት" አለ። የኔ ፊርማ ነገር እንኳ ተነስቶ ተሳቀ። እኔም አጨበጨብኩ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ እሷ ጀግናዋ፣ እኔ አጥፊዋ ነበርን፤ ለምጄዋለሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ሻይ እየጠጣን ሳለ ነው የነገርኳት። ለካ ለምን እንደፈረምኩ ጠይቃኝ አታውቅም። "እንዳትወድቂ ብዬ ነው" አልኳት። "ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ ነበር ያመጡት።" ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"የዚያን ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ወስኜ ነበር" አለች። "ችሎት ላይ መዝገቡ ሲደርሰኝ ስድስቱን ገጽ አውጥቼ ቦርሳዬ ልከትና ልፈርም።"

"እማዬ!"

"ምን እማዬ ትያለሽ? ፈራኋ! አንቺን ካለ ትምህርት ቤት፣ አባትሽን ካለ ሱቅ ላስቀር? ሰው ነኝ እኮ። ወንበሩንም ፈልጌው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። ካርቶን ላይ መቀመጥ ሰልችቶኝ ነበር።"

ሻይ ጨመርኩላት።

"ያ ሰውዬ ወረቀቱን ሲያቀርብልኝ ተፈርሞ አገኘሁት። መጀመሪያ እኔ የፈረምኩት መሰለኝ፤ ይህን ያህል አሳምረሽዋል። መቼ ፈረምኩ ብዬ ደነገጥኩ። ከሱ በላይ ደግሞ ለቃ እንድትወጣ ይላል። ሴትዮዋ ሊጤን ማን ይጋግረዋል ትላለች። ሰው ምን እንደፈረመ የሚያየው ከፈረመ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ሳልፈርም አየሁት። በጣም አስጠላኝ።"

ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ከዚህ በላይ ወድጃት አላውቅም። ቢሆንም ተናደድኩባት። "ታዲያ ዛሬ ያ ሁሉ ሰው ሲያሞግስሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"ሽልማቱን እንዲቀሙኝ?"

"እሺ፣ እኔ ባልፈርም ኖሮስ?"

"እፈርም ነበራ" አለች እናቴ። "ሰብሳቢ እሆንና ከሁለቱ ወንድማማቾች ዳቦ እየገዛሁ እኖር ነበር።"